የቦሳ ኖቫ መታሰቢያ ኮንሰርት፦ የሎቢ ሙዚቃ እንዳይሆን ምን ይደረግ?

ጥያቄው፦ «ስድስት ነን፤ ድምፃዊት፣ ጊታር፣ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራምና ሳክስፎን። አዲስ አበባ ውስጥ 180 ሰው በሚይዝ አዳራሽ የቦሳ ኖቫ መታሰቢያ ኮንሰርት ልናቀርብ ሁለት ወር ቀርቶናል። ኖታውን ሳንሳሳት እንጫወታለን፤ ቀድተን ስንሰማው ግን የሆቴል ሎቢ ሙዚቃ ይመስላል። ድምፃዊቷ ዝቅ አድርጋ ስትዘፍን አትሰማም፤ ማይኩን ከፍ ስናደርገው ያፏጫል። ምን አጥፍተን ነው? ስንት ዘፈንስ ይበቃል?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ችግሮች ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። ስድስታችሁም በአንድ ጊዜ ብዙ ትጫወታላችሁ። የሎቢ ሙዚቃ የሚባለው ነገር የሚፈጠረው ሁሉም መሣሪያ ሁሉንም ቦታ ሲሞላና ለጆሮ የሚጠብቀው ነገር ሲጠፋ ነው። የድምፃዊቷም መዋጥ ከዚያው የመጣ ነው።

ቦሳ ኖቫ የሚባለው የብራዚል ሙዚቃ ከመነሻው የመቀነስ ሥራ ነበር። ከባሂያ ግዛት፣ ከዡዋዜይሮ ከተማ የወጣው ዡዋው ዢልቤርቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ሪዮ ዲ ዣኔይሮ ውስጥ «ሼጋ ዲ ሳውዳዲ»ን ሲቀዳ (ዘፈኑ የአንቶኒዮ ካርሎስ ዦቢምና የቪኒሲየስ ዲ ሞራይስ ነው፤ ስሙም «ናፍቆት ይብቃ» እንደማለት ነው) አንድ ሙሉ የሳምባ ከበሮ ቡድን ወደ ስድስት ክር አምጥቶ ነበር። አውራ ጣቱ ሱርዱ የሚባለውን ትልቁን ከበሮ ሆነ፤ ሦስቱ ጣቶች ደግሞ ታምቦሪም የሚባለውን ትንሹን። እንግዲህ ጊታሩ ብቻውን ከበሮም ቤዝም ኮርድም ከሆነ፣ ከእሱ በኋላ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ «ለምን ገባሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ልምምዱ ከጊታሩ ይጀምር፤ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ይስሙ። ሁለት ባር በ2/4 ውሰዱና በ16 እኩል ቦታ ከፍላችሁ ቁጠሩ። አውራ ጣት 1፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ ይወርዳል፤ አይቀድምም፣ አይዘገይም፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አያርፍም። አመልካች፣ የመሃልና የቀለበት ጣት አንድ ላይ ሆነው ኮርዱን 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 14 ላይ ስበው ይለቃሉ። ጣቶቹና አውራ ጣቱ የሚገናኙት 1 ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው በሙሉ በመካከሉ ይወድቃል፤ የሙዚቃው ሕይወትም እዚያ ነው። ከአውራ ጣቱ ምቶች ሁለተኛው (5 እና 13) ከመጀመሪያው በጥቂቱ ይክበድ፤ በሳምባ ትልቁ ሱርዱ የሚመታው ሁለተኛው ምት ላይ ነውና። 1 ላይ የምትከብዱ ከሆነ ሙዚቃው ወደ ማርሽ ይጠጋል።

ይህን ንድፍ ከያዛችሁ በኋላ ደግሞ ሰባብሩት። አምስቱን ምት ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለዋውጡ መደጋገም ከብራዚል ውጭ የተለመደ ማቅለያ ነው፤ ለሎቢው ጠረንም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ይመስለኛል። ዢልቤርቶ ጣቶቹን እንደ ግጥሙ ያንቀሳቅሳል፤ አንዳንዱን ምት ይተዋል፣ አንዳንዱን ያስጠጋል፤ አውራ ጣቱ ግን ያው ነው። አንድ ለውጥ በተለይ ተለማመዱ፦ ኮርድ ሲቀየር 1 ላይ ያለውን የጣቶች ምት ወደ 16 አምጡት፤ አዲሱ ኮርድ ከባሩ አንድ አስራ ስድስተኛ ቀድሞ ይገባል፣ የአዲሱ ኮርድ ቤዝ ግን 1 ላይ ይጠብቃል። መጀመሪያ እጅ ያምጻል። በ2/4 ከ50 ቴምፖ ተነስታችሁ በሳምንት ወደ 65 ብታደርሱት ደህና ነው።

እዚህ ላይ ኖታውን ልብ በሉ። በአሜሪካ የታተሙት መጻሕፍት ይህንኑ ምት በ4/4 ይጽፉታል፤ ባሩ ያው ሆኖ የኖታዎቹ ዋጋ እጥፍ ነው። ብራዚላዊው 65 የሚለው ቴምፖ እዚያ 130 ይሆናል። በ4/4 ያነበበ ተጫዋች በእያንዳንዱ ባር አራት ጊዜ እግሩን ይመታል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይከብዳል። እግራችሁ በባር ሁለት ጊዜ ብቻ ይውረድ።

የግራ እጅም ሥራ አለው። ኮርዱ ከተመታ በኋላ ጣቶቹ ከፍሬቱ ሳይለቁ በትንሹ ተነስተው ድምፁን ይቁረጡት። ክፍት ክር እየጮኸ የሚቀር ኮርድ ቀጣዩን ምት ይሸፍነዋል። ለዚህ ነው ክፍት ክር የሌለባቸው ባለ አራት ድምፅ ኮርዶች የሚመረጡት። ጊታሩ ባለ ናይሎን ክር ይሁን። ናይሎን አዲስ ሲሆን ለቀናት እየተለጠጠ ከቅኝት ይወጣል፤ ከኮንሰርቱ 4 ወይም 5 ቀን አስቀድማችሁ ቀይሩት፣ በዋዜማው ፈጽሞ አትንኩት።

አሁን ሌሎቹ። ቤዝ ተጫዋቹ ጊታሩ ከሚጫወተው አውራ ጣት ጋር አንድ ኖታ በአንድ ቦታ ከደገመ፣ ፒያኒስቱም በግራ እጁ ያንኑ ከጨመረ፣ ከ200 ኸርዝ በታች ያለው ቦታ በሙሉ ጭቃ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፦ ወይ ቤዙ በባር ሁለት አጫጭር ኖታ ብቻ ይዞ ጊታሩ አውራ ጣቱን ያቅልል፣ ወይም ቤዙ የዘፈኑን ግማሽ ይዝለል። ፒያኖው ከመሃለኛው ዶ በታች ባይወርድ ይሻላል። ዦቢም ራሱ በ1963 በክላውስ ኦገርማን ኦርኬስትራ ታጅቦ በቀዳው አልበም ፒያኖውን የተጫወተው ነጠላ ድምፆችን እየጣለ ነው፤ የዜማው ባለቤት በአንድ ጣት ከረካ፣ አጃቢ በአስር ጣት የሚሞላበት ምክንያት የለም። ጊታርና ፒያኖ በአንድ ጊዜ ኮርድ ከመጫወት ተራ ይግቡ፤ አንዱ ግጥሙን፣ ሌላው መካከለኛውን ክፍል።

ድራመራችሁ ስቲኩን በአንድ እጅ ብቻ ይያዝ። ቀኝ እጅ በብሩሽ አስራ ስድስተኞቹን ስኔሩ ላይ እኩል ይጥረግ፤ ግራው ስቲኩን አስተኝቶ የስኔሩን ጠርዝ ይምታ፣ እሱም ጊታሩ ለሚጫወተው ምት መልስ እንዲሆን እንጂ ያንኑ እንዲደግም አይደለም። ኪኩን ተረከዙን መሬት አስነክቶ ይርገጥ። በጣም የተለመደው ብልሽት ድራሙ ሁለቱን ባር ገልብጦ መጀመሩ ነው፦ ጊታሩ 1–4–7 ሲል ድራሙ የሁለተኛውን ባር 11–14 ይዞ ይገባል፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ልክ ናቸው፣ አንድ ላይ ግን ይጋጫሉ። ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት የትኛው ባር እንደሚቀድም ተነጋገሩ። የሳክስፎኒስቱ የስታን ጌትዝና የዢልቤርቶ የ1963 ቅጂ ላይ ድራመሩ ሚልተን ባናና የሚጫወተውን አድምጡ፤ መኖሩን የምታውቁት ሲያቆም ነው።

ጆሯችን በ6/8 ያደገ ስለሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የጭክጭካ ምት እጅ ውስጥ ሲኖር አስራ ስድስተኞቹ ሳይታወቅ ወደ ሦስት ያዘነብላሉ፤ የጃዝ ልምድ ያለው ሳክስፎኒስትም በበኩሉ ስዊንግ ያደርጋቸዋል፤ አንዱን አስረዝሞ ቀጣዩን ያሳጥራል። በቦሳ ኖቫ አራቱ ክፍልፋዮች እኩል ለመሆን በጣም ይቀርባሉ። ሜትሮኖሙን ከፍታችሁ «ታ-ካ-ቲ-ካ» እያላችሁ በአፍ ለአምስት ደቂቃ ቆጥራችሁ ጀምሩ። ሳክስፎኑ ደግሞ በየዘፈኑ ሶሎ አይውሰድ፤ ከሦስት ዘፈን በአንዱ ይበቃል። የ1958ቱ «ሼጋ ዲ ሳውዳዲ» ሁለት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ዘፈኖቹ አጭር ሆነው የተሠሩ ናቸው፣ በሶሎ ሲለጠጡ ይሳሳሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁ ልምምድ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ማጉያውን በሙሉ አጥፉና በሦስት ሜትር ክብ ተቀመጡ። ድምፃዊቷ በንግግር ድምፅ ትዝፈን። ግጥሙ ለሁላችሁ ካልተሰማ የሚቀንሰው አጃቢው ነው። ሁለት ሳምንት በዚህ ብቻ ተለማመዱ፤ ማይክ ወደ ክፍሉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ይሁን።

የድምፃዊቷ ኪይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፍ ባለና በሚያስተጋባ ድምፅ መዝፈን የለመደች ድምፃዊት በዚያው ኪይ ዝቅ ብላ ልዝፈን ስትል ድምፁ ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። ከለመደችው በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ዜማው ከንግግሯ ከፍታ አጠገብ ሲያርፍ ትክክል ነው። የድምፅ ማንቀጥቀጥ አያስፈልግም፤ የኖታው መጨረሻ ቀጥ ብሎ ይለቅ። ቃላቱን ከምቱ ትንሽ ልታስቀድም ወይም ልታዘገይ ትችላለች፣ ዢልቤርቶ በአራት መስመር አንድ ባር ሙሉ እስኪመስል ይዘገይና ተመልሶ ይገናኛል፤ ነገር ግን ይህ የሚያምረው ጊታሩ ስላልተከተላት ነው። ጊታሩ ሊጠብቃት ሲል ሁለቱም ይወድቃሉ።

ፖርቱጋልኛው ከምትፈሩት ይቀላል። ሽ፣ ዥ፣ ኝ፣ ች እና ጅ አማርኛ ውስጥ ስላሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚደናቀፉበት ብዙ ቦታ ለእናንተ ደልዳላ ነው። በሪዮ አነጋገር በቃል መጨረሻ ያለው «ዴ» ወደ «ጂ»፣ «ቴ» ወደ «ቺ» ይሄዳል፤ «ሳውዳዲ» ሲባል «ሳውዳጂ»። በቃል መጀመሪያ ያለው «ር» እንደ «ህ» ይነፍሳል፣ ሪዮም «ሂዩ» ይሆናል። በቃል መጨረሻ ያለው «ል» እንደ «ው» ነው፤ «ብራዚው»። «ስ» በቃል መጨረሻ «ሽ» ይሆናል። ሁለት ነገር ግን መሠራት አለበት። የአፍንጫ አናባቢዎቹ፣ ማለትም በጽሑፍ «ም» ወይም «ን» አስከትለው የምታዩዋቸው ብዙዎቹ፣ በከንፈር ወይም በምላስ አይዘጉም፤ አየሩ በአፍንጫ ወጥቶ አፍ ክፍት ሆኖ ይቀራል። «ጥ» እና «ቅ» ደግሞ ፈጽሞ አይግቡ፤ የፖርቱጋልኛው ድምፅ የ«ት» እና የ«ክ» ነው፣ ያውም ያለ ትንፋሽ።

«ጋሮታ ጂ ኢፓኔማ» ያለ ጥርጥር ዝርዝራችሁ ውስጥ ስላለ ሁለት ቦታ ልጠቁም። በኤፍ ኪይ የመጀመሪያው ክፍል ኮርዶች ኤፍ ሜጀር ሰባት፣ ጂ ሰባት፣ ጂ ማይነር ሰባት፣ ጂ ፍላት ሰባት ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ቀላል ኮርዶች በመጨረሻው ፈንታ ሲ ሰባትን ያስቀምጣሉ፤ ያኔ በግማሽ ድምፅ ወደ ታች የሚንሸራተተው ቤዝ ይጠፋል፣ ከእሱም ጋር የዘፈኑ መልክ። ሁለተኛው 16 ባር የሚፈጀው መካከለኛው ክፍል ነው። ኮርዱ በድንገት ወደ ጂ ፍላት ሜጀር ሰባት ሲወጣ ድምፃውያን አብረው ይወጣሉ፤ ዜማው ግን የሚጀምረው በኤፍ፣ በራሱ በቤቱ ድምፅ ነው። ቤቱ ከሥሯ ሲንቀሳቀስ እሷ ባለችበት ትቁም። ይህን ክፍል ብቻ ለይታችሁ ያለ መሣሪያ አስጠኗት፤ ከዚያ ኮርዱን ከሥር አስገቡ።

ወደ ማይኩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1962 በኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል የቀረበው ታላቁ የቦሳ ኖቫ ኮንሰርት ዢልቤርቶን፣ ዦቢምን፣ ካርሎስ ሊራን፣ ሮቤርቶ ሜኔስካልንና ሌሎች ብዙዎችን በአንድ መድረክ ሰብስቦ ሳለ፣ በአዳራሹ የነበረው ድምፅ ተበላሽቶ ነበር፤ መድረኩን የሞሉት ማይኮች የተተከሉት ለቀረጻ እንጂ ለአዳራሹ አልነበረም። የእናንተም ፉጨት ከዚያ ቤተሰብ ነው። የተከፈቱት ማይኮች ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር፣ ሳያፏጭ ልታደርሱት የምትችሉት ከፍታ በ3 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። 12 ማይክ ከፍታችሁ ከሆነ ወደ 3 ስታወርዱ 6 ዴሲቤል ታገኛላችሁ። ድራሙ ማይክ አያስፈልገውም። ፒያኖውና ሳክስፎኑም በ180 ሰው አዳራሽ በራሳቸው ይደርሳሉ። ድምፃዊት፣ ጊታርና ቤዝ፤ በቃ።

የድምፃዊቷን ማይክ ከከንፈሯ ከ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 5 ብታቀርቡት ሌላ 6 ዴሲቤል አገኛችሁ፤ ሲቀርብ የሚመጣውን ጉምጉምታ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን በመቁረጥ አስተካክሉ። ፊት ለፊት ሳይሆን ከአፏ ጥግ ትንሽ ወደ ጎን ይቀመጥ፤ «ፕ» እና «ብ» እንዳይፈነዱ ነው። ሞኒተሩ (ለሙዚቀኛው ድምፁን የሚመልሰው ስፒከር) የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የማይኩ ዓይነት ነው፦ ካርዲዮይድ (ከጀርባው የማይሰማ) ከሆነ በትክክል ከማይኩ ጀርባ፣ ሱፐርካርዲዮይድ (ከፊት ጠበብ ብሎ የሚሰማ፣ ከጀርባው ግን ትንሽ የሚሰማ) ከሆነ ግን ከጀርባው ግራና ቀኝ ገደድ ብሎ። ሁሉንም ሞኒተር ከጀርባ መደርደር ሱፐርካርዲዮይድን ያስጮኸዋል። ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚያወርደው መሣሪያ) 2 ለ 1፣ ከ3 ዴሲቤል ያልበለጠ ቅነሳ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በዝምታው ወቅት ትንፋሽና ፉጨት ይነሳሉ።

ለጊታሩ አንድ ትንሽ ኮንደንሰር ማይክ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ላይ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀት አነጣጥሩ። ቀዳዳው ፊት አታስቀምጡት፤ ከዚያ የሚወጣው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ፒክአፕ (ጊታሩ ላይ የተገጠመ ድምፅ መቀበያ) ካለው በዲአይ ቦክስ (ጊታሩን ከሚክሰሩ በሚያገናኘው ሳጥን) ትንሽ ቀላቅሉበት። ፉጨቱ ብዙ ጊዜ የሚነሳው 100 እና 200 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የጊታሩ አካል ራሱ የሚያስተጋባው እዚያ ስለሆነ። በጠባቡ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቀንሱ፣ ሰፊ ቁረጥ አታድርጉ። በስልክ መለኪያም ቢሆን አዳራሹ መሃል ከ72 እስከ 78 ዴሲቤል ላይ ያርፍ። የድምፅ ባለሙያው «ትንሽ እናንሳው» ማለቱ አይቀርም፤ ልማዱ ለሌላ ሙዚቃ የተሠራ ነው፣ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ተስማሙበት።

በዚህ ከፍታ ሌላ ጊዜ የማይሰማው ሁሉ ይሰማል። ሳውንድ ቼክ ላይ ሙዚቀኛው ሳይገባ ሁሉንም ማይክ ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ። የሚሰማው ጉምጉምታ የ50 ኸርዝ ከሆነ ከመሬት መስመር ነው፤ የመድረኩን መሣሪያና ሚክሰሩን ከአንድ መውጫ አብሩ፣ የዲአይ ቦክሱን ግራውንድ ማንሻ ሞክሩ። የግድግዳውን መሬት መስመር ግን አትቁረጡ፤ ሰው ይገድላል። የመጠጥ ፍሪጅ፣ የቡና ማሽንና ማራገቢያ ዘፈን ላይ ይጥፉ፤ መስተንግዶው በእረፍት ብቻ። ጄነሬተር ካለ ከመድረኩ ጀርባ ካለው ግድግዳ እንዲርቅ ከአዳራሹ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ መብራት ከሄደም ጊታርና ድምፅ ብቻ የሚጫወቱት ሁለት ዘፈን ዝግጁ ይሁን። ይህ ሙዚቃ ያለ መብራት ይችላል።

የዘፈን ብዛት፦ 15 በቂ ነው። 40 ደቂቃ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች፣ በመጀመሪያው 8፣ በሁለተኛው 7። በጊታርና በድምፅ ብቻ ክፈቱ፤ ቤዙ በሁለተኛው፣ ብሩሹ በሦስተኛው፣ ሌሎቹ ከዚያ ይግቡ። ተመልካቹ ጆሮውን በዝምታ ላይ ካስተካከለ በኋላ ስድስታችሁ አብራችሁ ስትጫወቱ ሙሉ ኦርኬስትራ ይመስለዋል፤ በስድስት ጀምራችሁ ወደ ሁለት ብትወርዱ ግን የጎደለ ይመስላል። «ጋሮታ»ን ለመጨረሻ አትያዙት፤ ሰዉ እሱን ሲጠብቅ ሌላውን አይሰማም። አራተኛ ላይ ይዘፈን።

መታሰቢያ ከሆነ ደግሞ የዦቢምን ዝነኛ ዘፈኖች ብቻ መደርደር አይበቃም። ቦሳ ኖቫ ሳምባ ነው። ዢልቤርቶ በ1959 የመጀመሪያ አልበሙ ላይ ከእሱ በፊት የነበሩትን የዶሪቫል ካይሚንና የአሪ ባሮዞን ሳምባዎች ከአዲሶቹ ጋር ቀላቅሎ አስገብቷል፤ እናንተም ቢያንስ ሁለቱን ጨምሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኮፓካባና ውስጥ በፕላዛ ሆቴል ባር ፒያኖ እየተጫወተ ወጣቶቹን ያስተማራቸው ጥቁሩ ፒያኒስት ጆኒ አልፍ በየመታሰቢያው ይረሳል፤ ለፒያኒስታችሁ አንድ ዘፈኑን ስጡት። ዦቢም ከኒውተን ሜንዶንሳ ጋር የሠራው «ዴዛፊናዱ» ከገባ 68 ባር እንደሆነና ክፍሎቹ እንደ ሌሎቹ እንደማይደጋገሙ አስታውሱ፤ በቃል ካልያዛችሁት መድረክ ላይ ትጠፋላችሁ። በዘፈን መካከል የሚነገረው ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ።

መብቱን በተመለከተ፣ ዦቢም ያረፈው በ1994፣ ሞራይስ በ1980 ስለሆነ ዘፈኖቻቸው ጥበቃ ላይ ናቸው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) የሚመለከታቸው ስለሆኑ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቁ። ኮንሰርቱን ወደ ውጭ ከወሰዳችሁት በጀርመን ጌማ፣ በአሜሪካ አስካፕና ቢኤምአይ፣ በእስራኤል አኩም የተባሉት የሙዚቃ መብት ድርጅቶች ይመለከታቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ፈቃዱን የያዘው አዳራሹ ነው፣ እናንተ የዘፈኖቹንና የደራሲዎቹን ዝርዝር ብቻ ትሰጣላችሁ። ግጥሙን ወደ አማርኛ መልሳችሁ ልትዘፍኑ ካሰባችሁ ግን ይህ ለብቻው የባለመብቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፣ መልሱም ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ሁለት ወር ለቀረው ኮንሰርት በፖርቱጋልኛው ዝፈኑና ትርጉሙን በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በጥቂት ቃል፣ በራሳችሁ አነጋገር ስለ ምን እንደሆነ ግለጹ። ኮንሰርቱን ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ መጫንም ከመድረኩ ፈቃድ የተለየ ነው፤ ካሜራውን ከማዘዛችሁ በፊት ይጠየቅ።